ዓይንን ሳያበራ ዓይንን ስለሚጠብቅ ሕክምና

ሰው ሁሉ የሐኪምን ሥራ የሚመዝነው ከሕክምናው በኋላ ባገኘው ነገር ነው። አንካሳው ቢራመድ፤ ትኵሳት ያቃጠለው ቢበርድለት፤ ሞራ ዓይኑን ጋርዶት የነበረው ሽማግሌ ሞራው ተገፎለት የልጅ ልጁን ፊት ቢያይ፤ ሐኪሙ ይመሰገናል፤ ለሕክምናው የወጣውም ገንዘብ በከንቱ አልወጣም ይባላል። ዳሩ ግን ከሕክምና ወገን ለሕመምተኛው አዲስ ነገር የማይሰጥ፤ ያለውን እንዳያጣ ብቻ የሚጠብቅ አለ። የዚህ ዓይነቱ ሕክምና ጥቅሙ የሚታወቀው በደረሰው ነገር ሳይሆን ሳይደርስ በቀረው ነገር ስለ ሆነ፤ አመስጋኙም ፈላጊውም ጥቂት ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ያሰብነው፤ ኬራቶኮነስ ለሚባለው የዓይን ሕመም የሚደረገው ክሮስሊንኪንግ የተባለው ሕክምና ከዚህ ወገን ነው።

ነገሩ እንዲገባ አስቀድሞ ስለ ዓይን አሠራር ጥቂት ቃል መናገር ያስፈልጋል። በዓይን ጥቁር ክፍል ፊት፤ በሰዓት ላይ እንደሚገጠመው መስተዋት ሆኖ የተቀመጠ ጥርት ያለ ሽፋን አለ። ሐኪሞች ኮርኒያ ይሉታል፤ በእኛም አገር ስለ ዓይን ልገሳ ሲነገር የዓይን ብሌን እየተባለ የሚጠራው ይኸው ነው። ውፍረቱ በመካከሉ ከግማሽ ሚሊሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ጥራቱን የሚያደፈርስ የደም ሥር በላዩ የለም። ወደ ዓይን የሚገባው ብርሃን ተሰብስቦ በአንድ ነጥብ ላይ እንዲያርፍ ከሚያደርገው ኀይል ውስጥ ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ የዚሁ የቀጭኑ ሽፋን ሥራ ነው፤ ይህንም ሊሠራ የቻለው ፊቱ ለስላሳ፤ ጕብጠቱም በሁሉ ወገን የተካከለ ስለ ሆነ ነው።

ኬራቶኮነስ ማለት ይህ ሽፋን ጥንካሬውን አጥቶ ቀስ በቀስ እየሳሳ ሲሄድ፤ የሳሳው ስፍራም በዓይን ውስጥ ባለው ግፊት ወደ ውጭ እየተገፋ እንደ ሾጣጣ ሲወጣ የሚደርስ ሕመም ነው። ስሙም ከግሪክ ቋንቋ የመጣና ቀንድና ሾጣጣ ከሚሉት ሁለት ቃላት የተጋጠመ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ልጁ ለአካለ መጠን በሚደርስበት ወራት ነው፤ ከዚያም እስከ ሠላሳና እስከ አርባ ዓመት ዕድሜ ድረስ፤ በአንዱ ላይ ፈጥኖ በሌላው ላይ ዘግይቶ እየገፋ ይሄዳል። ሁለቱንም ዓይኖች ይይዛል፤ ነገር ግን አንደኛው ቀድሞ ሁለተኛው ሊከተል ይችላል። በመጀመሪያው ዘመኑ አያምም፤ አያቀላም፤ መግል አያወጣም። ስለዚህ ሕመም መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ሰውዬው የሚያውቀው ፊደል ድርብ ሆኖ መታየቱን፤ በማታ የመብራት ጨረር ተበትኖ መታየቱንና የገዛው መነጽር ሳይቈይ የማይበቃው መሆኑን ብቻ ነው። መነጽርም ቢለወጥ ሙሉ ጥቅም የማይሰጠው፤ የተዛባው የዓይኑ ፊት ራሱ ስለ ሆነ ነው። በተጨማደደ መስተዋት ፊት ቀጥ ያለ መስተዋት ቢያቆሙበት የጀርባውን መጨማደድ አያቀናውም።

እስቲ አንድ የዐሥራ አራት ዓመት ተማሪ እናስብ። ባለፈው ዓመት በኋለኛው ወንበር ተቀምጦ በሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ያነብ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ወደ ፊት ቢጠጋም አልሆነለትም። በቄስ ትምህርት ቤት ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ዳዊት ሲደግም መስመር ይዘልላል፤ ጣቱንም ከፊደሉ ላይ አያነሣም። መምህሩ ልቡ ከትምህርቱ ሸሸ ብሎ ይቈጣዋል። ወላጆቹ መነጽር ይገዙለታል፤ በዓመቱም ሌላ ይገዙለታል። በእነዚህ በሁለቱ መነጽሮች መካከል ያለፈው ጊዜ ለሌላ ሕመም ቢሆን ኖሮ ብዙ ባልጐዳ ነበር። ለዚህ ሕመም ግን ሐኪም የሚጠብቀው ሀብት በዚያ ጊዜ ውስጥ ሲፈስ ይከርማል። የምንናገርለትም ሕክምና ጥቅሙና ጕዳቱ የሚወሰነው ከዚህ ላይ ነው።

ሕመሙ አዲስ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ጆን ኖቲንግሃም የተባለው የእንግሊዝ ሐኪም በ1854 ዓ. ም. ስለ ሾጣጣ ኮርኒያ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፎ የሕመሙን ጠባይ ከሌሎች የዓይን ሕመሞች ለይቶ አሳይቷል። በ1888 ዓ. ም. አዶልፍ ፊክ የተባለው ሐኪም በዓይን ላይ የሚቀመጥ የብርጭቆ ሌንስ ሠርቶ ስለ አገልግሎቱ ጻፈ። በ1905 ዓ. ም. ደግሞ ኤድዋርድ ዚርም በሞራቪያ አገር በኦሎሙትስ ከተማ፤ ኖራ ዓይኑን ላቃጠለው ሰው የሌላ ሰው ኮርኒያ ተክሎ ዓይኑን አበራለት፤ ይህም ጥበብ ከጊዜ በኋላ ሾጣጣው ለጠናባቸው ሰዎች መድኀኒት ሆነ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ድረስ ሐኪሞች በእጃቸው የነበረው ይህ ብቻ ነበር፤ በመጀመሪያ መነጽር፤ ቀጥሎ ሌንስ፤ በመጨረሻም የሌላ ሰው ኮርኒያ። ከእነዚህ አንዱም ሕመሙ እንዳይገፋ የሚከለክል አልነበረም። ሐኪሙ ሕመሙን ከኋላ ከኋላ ይከተለው ነበር እንጂ አልቀደመውም።

ሊቀድመው የተነሣው አሳብ የተገኘው በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ ነው። ቴኦ ዛይለር፤ ኤበርሃርት ሽፐርልና ግሬጎር ቮለንሳክ የተባሉ ሊቃውንት በ1990ዎቹ ዓመታት ኮርኒያን ከውስጡ ለማጠንከር የሚቻልበትን መንገድ መረመሩ። የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች በኬራቶኮነስ እምብዛም እንደማይያዙ አስቀድሞ ታውቆ ነበር፤ ምክንያቱም በደማቸው የበዛው ስኳር ኮላጅን የተባሉትን የሰውነት ጭረቶች እርስ በርሳቸው ስለሚያያይዛቸው ነው ተብሎ ይታሰባል። እንግዲህ ይህን መያያዝ ያለ ሕመም፤ በጥበብ ማድረግ ይቻል እንደ ሆነ ጠየቁ።

ነገሩ ለአገራችን ሊቃውንት ከቶ እንግዳ አይሆንም። ብራናና የለፋ ቆዳ ሁለቱም ከአንድ ፍየል ጀርባ ሊወጡ ይችላሉ። ብራና ተወጥሮ፤ ተፍቆና ደርቆ ያማረ ቢሆንም፤ ውሃ ቢነካው ይለሰልሳል፤ ይጨማደዳል፤ ቢሰነብትም ይበሰብሳል። በቅርፊት ጭማቂ የለፋው ቆዳ ግን ውሃውን ይችለዋል፤ ጭማቂው ወደ ውስጥ ዘልቆ የቆዳውን ጭረቶች እርስ በርሳቸው አስተሳስሯቸዋልና። ኮርኒያም የተሠራው ከዚያው ከኮላጅን ጭረት ነው። የድሬስደን ሊቃውንት የፈለጉት፤ ጥራቱን ሳያጠፉ ጭረቶቹን እንደዚህ ማስተሳሰር ነበር። ክሮስሊንኪንግ ማለትም አቋርጦ ማስተሳሰር ማለት ነው።

ለዚህም የመረጡት መድኀኒት ሪቦፍላቪን ነው፤ ይኸውም በወተት፤ በእንቍላልና በጉበት ውስጥ የሚገኘው፤ ቫይታሚን ቢ ሁለት የሚባለው ብጫ ነገር ነው። ሕክምናው እንዲህ ይደረጋል። ዓይኑ በጠብታ መድኀኒት ከደነዘዘ በኋላ የኮርኒያው የላይኛው ስስ ልባስ በመካከል በኩል ይነሣል። ከዚያም ሪቦፍላቪኑ ሠላሳ ደቂቃ ያህል በየጥቂቱ እየተንጠባጠበ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ቀጥሎ አልትራቫዮሌት የተባለው ለዓይን የማይታይ ብርሃን በልክ ተመጥኖ ሌላ ሠላሳ ደቂቃ ይበራበታል። ብርሃኑ ሪቦፍላቪኑን ሲያገኘው፤ ኦክሲጅንም ተጨምሮ፤ ጭረቶቹ እንዲተሳሰሩ ያደርጋል። ሪቦፍላቪኑ ብርሃኑን ስለሚውጠው ደግሞ በውስጥ ያሉትን የዓይን ክፍሎች ይጋርዳል። ነገር ግን ኮርኒያው ከ400 ማይክሮን በታች የሳሳ እንደ ሆነ ይህ መጋረጃ ስለማይበቃ ከጀርባ ያለው ለስላሳ ልባስ ሊጐዳ ይችላል። የጤናማው ኮርኒያ ውፍረት 540 ማይክሮን ያህል መሆኑን ስናስብ፤ ለሕክምናው የተከፈተው በር ጠባብ መሆኑንና የዘገየውም ሰው በውጭ ሊቀር እንደሚችል እንረዳለን። ለሳሱት ኮርኒያዎች ልዩ ልዩ ዘዴ ኋላ ተገኝቷል፤ ቢሆንም ሁሉን የሚያገባ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመጣለን። ይህ ሁሉ ከተደረገለት በኋላ ሕመምተኛው እንዴት ያያል?

በመጀመሪያው ሳምንት መልሱ፤ ከበፊቱ የባሰ ነው። የተነሣው ልባስ እስኪበቅል ድረስ ሦስትም አራትም ቀን ዓይኑ ይቈረቍራል፤ ያለቅሳል፤ ብርሃን አይችልም። ልባሱ ከበቀለ በኋላም በመጀመሪያው ወር ኮርኒያው ጥቂት ጉም የለበሰ ይመስላል፤ ንባቡም ከሕክምናው በፊት ከነበረው ያንሳል። በሦስተኛው ወር ግድም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከስድስተኛው ወር እስከ ዓመቱ ድረስ ጉሙ በብዙዎቹ ላይ ይጠራል፤ ብዙዎቹም ከቀድሞው ጥቂት የተሻለ ያያሉ። ጥቂት የሚለውን ቃል አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን። የማየት ችሎታ የሚለካው ሄርማን ስኔለን የተባለው የሆላንድ ሐኪም በ1862 ዓ. ም. ባወጣው፤ ከላይ ትልልቅ ከታች ትንንሽ ፊደላት በተደረደሩበት ሠንጠረዥ ነው። ከዚህ ሕክምና በኋላ የሚገኘው መሻሻል በአማካይ ሲታይ በዚያ ሠንጠረዥ አንዲት መስመር ያህል ነው። አንዲት መስመር ያነበበ ሰው ዓይኔ በራ አይልም።

በመጀመሪያ የታተመው የድሬስደን ሊቃውንት ጽሑፍም ከዚህ የበለጠ ተስፋ አልሰጠም። ጽሑፉ በ2003 ዓ. ም. ሲወጣ የተናገረው ስለ 22 ሕመምተኞችና ስለ 23 ዓይኖች ነበር። ከሕክምናው በኋላ ሕመሙ በሁሉም ላይ ቆመ። በ16ቱ ዓይኖች ላይ ሾጣጣው ራሱ በሁለት ዲዮፕትር ያህል ዝቅ አለ፤ ዲዮፕትር ብርሃንን የማጠፍ ኀይል የሚለካበት መለኪያ ሲሆን የጤናማ ኮርኒያ ልክ 43 ያህል ነው፤ ሾጣጣው በጠና ጊዜ ግን ከ50 ከ60ም ያልፋል። በ15ቱ ዓይኖች ላይ የማየት ችሎታ ጥቂት ተሻሻለ። ጸሐፊዎቹ አብልጠው የተናገሩለት ይህ ትንሽ መሻሻል ሳይሆን የሕመሙ መቆም ነበር፤ በዚህም በቅንነት ጽፈዋል እንላለን።

ነገር ግን አንድ ዓይን ቆመ ሲባል፤ ያለ ሕክምናስ ቢሆን ባልቆመ ነበርን? ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ይህ ሕመም በአንዳንዱ ሰው ላይ በራሱ ጊዜ ይቆማልና። ሳይደርስ የቀረውን ነገር ለማየት አንድ መንገድ ብቻ አለ፤ እርሱም የታከመውን ካልታከመው ጋር ጐን ለጐን አቁሞ መጠበቅ ነው። በአውስትራልያ በሜልቦርን ከተማ ሐኪሞች እንዲህ አደረጉ። መቶ ዓይኖች በዕጣ ተለይተው እኵሌታው ታከመ፤ እኵሌታው ሳይታከም ተጠበቀ። በ2014 ዓ. ም. የታተመው የሦስት ዓመት ውጤት እንዳሳየው፤ ባልታከሙት ላይ የሾጣጣው ጕብጠት በአማካይ በ1.75 ዲዮፕትር ጨመረ፤ በታከሙት ላይ ግን በ1.03 ቀነሰ። ያለ መነጽር የማየትም ችሎታ በአንደኛው ወገን ሲደክም በሌላው ወገን ጥቂት በረታ። ሁለቱ ቍጥሮች ለየብቻ ሲታዩ ትንንሽ ናቸው። ሲደመሩ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ በታከመውና ባልታከመው መካከል የተከፈተው ልዩነት ሦስት ዲዮፕትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ የታከመውም ሰው ይህን ሁሉ ማትረፉን በራሱ ዓይን ሊያውቀው አይችልም።

በልጆች ዘንድ ነገሩ ከዚህም ይልቅ ይገለጣል። በእንግሊዝ አገር ዕድሜአቸው ከ10 እስከ 16 ዓመት የሆኑ፤ ሕመማቸውም መግፋቱ የታወቀ 60 ልጆች እንዲሁ በዕጣ ተከፈሉ፤ ውጤቱ በ2021 ዓ. ም. ታተመ። በዐሥራ ስምንት ወር ጊዜ ውስጥ፤ ከታከሙት 30 ልጆች ሕመሙ የገፋባቸው ሁለት ብቻ ነበሩ። በተለመደው በመነጽርና በሌንስ ርዳታ ብቻ ከተጠበቁት 28 ልጆች ግን በዐሥራ ሁለቱ ላይ ገፋ። በፊደል ሠንጠረዡም ሲለኩ በሁለቱ ወገኖች መካከል የታየው ልዩነት ሦስት መስመር ያህል ሆነ። ዐሥራ ስምንት ወር ማለት ለአንድ ተማሪ ሁለት የትምህርት ዓመት የማይሞላ ጊዜ ነው። ከላይ በምሳሌ ያነሣነው ልጅ ሁለት መነጽር የለወጠበትን ጊዜ ከዚህ ጋር ማስተያየት ይቻላል።

ማሰሪያው ይፈታ እንደ ሆነ የሚጠይቅም ይኖራል። ከድሬስደን በ2015 ዓ. ም. የወጣው ሌላ ጽሑፍ፤ ከታከሙ ዐሥር ዓመት የሞላቸውን 34 ዓይኖች ቈጥሮ ነበር። የሾጣጣው ጫፍ ልክ በአማካይ ከ61.5 ዲዮፕትር ወደ 55.3 ወርዷል፤ የማየት ችሎታቸውም ከአንድ መስመር ጥቂት በሚበልጥ ልክ ተሻሽሏል። ሁለት ዓይኖች ብቻ ዳግመኛ መታከም አስፈልጓቸዋል።

እስከዚህ ድረስ በጎውን ተናገርን፤ ክፉውንም መሸሸግ አይገባንም። በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ በ2009 ዓ. ም. የታተመ ምርመራ 117 ዓይኖችን አንድ ዓመት ተከታትሎ፤ ከመቶው ሦስት የማይሞሉት ሁለት መስመርና ከዚያ በላይ ማጣታቸውን፤ ከመቶው ሰባት ተኩል ያህሉ ደግሞ ታክመውም ሕመሙ መግፋቱን አለማቆሙን ጽፏል። የሚያሳዝነው ቍጥሩ ብቻ አይደለም። ለጕዳት ይበልጥ የተጋለጡት ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ የሆኑትና ከሕክምናው በፊት አጥርተው ያዩ የነበሩት ሆነው ተገኙ። ሌሎችም ምርመራዎች እንዳሳዩት በመስመር ቍጥር አብልጦ የሚያተርፈው አስቀድሞ ብዙ የተጐዳው ዓይን ነው። እንግዲህ ሐኪሙ ከዚህ ላይ በጭንቅ መካከል ይቆማል። የሚጠበቅ ብዙ ሀብት ያለው፤ ገና በደኅና የሚያየው ዓይን ነው፤ በሕክምናው ሊያጣ የሚችለው ነገር ያለውም እርሱ ነው። ሊያተርፍ የሚችለው የተጐዳው ዓይን ነው፤ እርሱ ግን አብዛኛውን ሀብቱን አስቀድሞ አጥቷል።

በእኛ አሳብ ይህን ጭንቅ የሚፈታው ዕድሜና ልክ ነው። አርባ ዓመት የሞላው፤ ዓይኑም ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ የቈየ ሰው፤ ሕመሙ በራሱ ቆሞለታልና ስለ አንዲት መስመር ተስፋ ብሎ ዓይኑን ለቢላዋና ለጨረር መስጠት አይገባውም። በመካከለኛ ዕድሜ ያለው ሰው ዓይኑ በየስድስት ወሩ ተለክቶ ሕመሙ መግፋቱ ሲረጋገጥ ይታከም። በልጅ ላይ ግን መጠበቁ ራሱ አደጋ ነው። ከእንግሊዙ ምርመራ እንዳየነው፤ ተጠብቀው ከነበሩት ልጆች እኵሌታ የሚጠጉት እየተጠበቁ ሳሉ ከፍተው ተገኝተዋል። ስለዚህ ብዙ የዓይን ሐኪሞች ሕመሙ በልጅ ላይ በተገኘ ጊዜ ሁለተኛ ልኬት ሳይጠብቁ ማከምን ይመርጣሉ፤ እኛም ምክንያታቸው የሚያሳምን ሆኖ አግኝተነዋል።

ደግሞ ስለ ሕክምናው የሚነገረው ቃል በጥንቃቄ ሊሆን ይገባል። አንዳንድ ነጋዴ መነጽርህን ትጥላለህ እያለ ይህን ሕክምና የሚያስተዋውቅ እንደ ሆነ፤ ያልተባለውን መናገሩ ነው። የታከመው ሰው መነጽሩን አይጥልም። ሾጣጣው ለጠናበትም ሰው አጥርቶ የሚያሳየው፤ ከሕክምናው በኋላ እንደ በፊቱ በዓይን ላይ የሚቀመጠው ጠንካራ ሌንስ ነው። በሌንሱና በኮርኒያው መካከል እንባ ስለሚሞላ፤ የተዛባው ፊት በእንባው ተስተካክሎ ብርሃኑ በቀጥታ ይገባል። ሕክምናው የሚያደርገው፤ ዛሬ የተለካው ሌንስ ለከርሞም እንዲሆን፤ ዓይኑም ሌንስ ሊሸከም እስከማይችል እንዳይሾጥጥ ነው። ሕመምተኛው ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው እንደ ሆነ፤ ሕክምናው ተሳክቶለት ሳለ ተታለልሁ ብሎ ያዝናል፤ ሁለተኛውንም ዓይኑን ለማሳከም እንቢ ይላል።

በገንዘብም በመሣሪያም ሳይደክሙ ሊደረግ የሚችል አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ልጆች ዓይናቸውን እንዳያሹ መከልከል ነው። ዓይንን አብዝቶ ማሸት ከዚህ ሕመም ጋር የተያያዘ መሆኑ በብዙ ምርመራ ታይቷል። በሞቃትና አቧራ በሚበዛበት አገር ደግሞ ልጆች ዓይናቸውን የሚያሳክክ የአለርጂ ሕመም ይይዛቸዋል፤ በእኛም አገር ይህ ሕመም የታወቀ ነው። ቀንና ሌሊት በእጁ ጀርባ ዓይኑን እየጠመዘዘ የሚያሽ ልጅ ያላየ መምህር የለም። ልጁን እጅህን አውርድ ብሎ መቈጣት ብቻ አይበቃም፤ ማሳከኩን የሚያበርድ ጠብታ ከሐኪም እንዲታዘዝለት ያስፈልጋል። ታክሞም ቢሆን ማሸቱን ካልተወ የተደረገለት ድካም ሊፈርስ ይችላል። የቤተሰብ ምክር የሚሹ ወላጆች በመጀመሪያ ወደ ካህኑና ወደ መምህሩ ስለሚሄዱ፤ እነርሱ ይህን ቢያውቁት ከሐኪሙ ቀድመው ይደርሳሉ።

ለሹማምንት የሚቀርበው አሳብ ደግሞ ሌላ ነው። ሕመሙ ሳይያዝ ገፍቶ መጨረሻው ሲደርስ የሚቀረው መድኀኒት የሌላ ሰው ኮርኒያ መትከል ነው። የድሬስደን ጽሑፍ በታተመበት በዚያው በ2003 ዓ. ም. በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ተቋቁሞ፤ ሰዎች ከሞቱ በኋላ ኮርኒያቸውን ለሌላው እንዲሰጡ ቃል ሲያስገባ ቈይቷል። ይህ ታላቅ በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ኮርኒያ የሚገኘው ከአንድ ሰው ሞትና ከአንድ ቤተሰብ ፈቃድ ነው። ተተክሎም ቢሆን አካሉ ባዕድ ነው ብሎ እንዳይጥለው ዓመታት መጠበቅን ይጠይቃል፤ በጐልማሳነት የተተከለለት ሰውም በዕድሜው ሁለተኛ ሊያስፈልገው ይችላል። በሆላንድ አገር ከ2005 እስከ 2007 ዓ. ም. ባሉት ሦስት ዓመታት በኬራቶኮነስ ምክንያት 269 ኮርኒያ ተተክሎ ነበር። የማስተሳሰሩ ሕክምና ከገባ በኋላ፤ ከ2012 እስከ 2014 ዓ. ም. ባሉት ሦስት ዓመታት ቍጥሩ ወደ 201 ወረደ። ኮርኒያ በማይበቃበት አገር፤ ከዚህ ሕመም የተረፈው እያንዳንዱ ኮርኒያ በቍስል ወይም በትራኮማ ጠባሳ ዓይኑ ለጠፋ ለሌላ ሰው ይውላል።

መሣሪያውም ቢሆን እንደሚታሰበው ሁሉ የከበደ አይደለም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዓይን ሐኪም በየዕለቱ ከሚመረምርበት መሣሪያ ላይ የሚገጠም፤ ከቀዶ ጥገና ክፍል ውጭም የሚሠራበት የብርሃን መብራት ተገኝቷል። ጨረሩን አበርትቶ ጊዜውን ወደ ዐሥር ደቂቃ የሚያሳጥርም መንገድ አለ። የላይኛውን ልባስ ሳያነሡ ማከምም ተሞክሯል፤ ሕመሙ ያንሳል፤ ነገር ግን በብዙ ማነጻጸሪያ የማቆም ኀይሉ ከመጀመሪያው መንገድ ደክሞ ታይቷልና ለልጆች ሲመረጥ ማመዛዘን ይገባል። ከሁሉ ይልቅ የሚጐድለው ሕመሙን በጊዜ የሚያገኝ ሰው ነው። የኮርኒያን ቅርጽ በሥዕል የሚያወጣው መሣሪያ ዋጋው ውድ ነው፤ ይሁን እንጂ ሬቲኖስኮፕ የሚባል በእጅ የሚያዝ ትንሽ መብራት አለ። መነጽር የሚለካ ባለሙያ በዚህ መብራት ዓይን ውስጥ ሲያይ፤ የሚመለሰው ብርሃን እንደ መቀስ ሲከፈትና ሲዘጋ ካየ ኬራቶኮነስን ይጠረጥራል። ስለዚህ በየአውራጃው መነጽር ለሚለኩት ባለሙያዎች ይህን ምልክት ማስተማር፤ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ መነጽር የለወጠ ልጅ ሲያገኙም ሌላ መነጽር ሸጠው እንዳይሰዱት ማዘዝ፤ አንድ ትልቅ መሣሪያ ገዝቶ በአንድ ክፍል ከመቈለፍ ይቀድማል።

ሕክምናው ከተደረገም በኋላ ነገሩ አላለቀም። ልኬቱ በመጀመሪያው ዓመት በየጊዜው፤ ከዚያም በየዓመቱ መደረግ አለበት፤ ያልታከመውም ሁለተኛ ዓይን በእያንዳንዱ ጊዜ አብሮ ይለካል። ከሩቅ አገር መጥቶ የታከመ ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ፤ በሚቀጥለው ልኬት ጊዜ ለማነጻጸር እንዲቻል፤ የኮርኒያው ውፍረትና የጕብጠቱ ልክ ከነቀኑ በወረቀት ተጽፎ በአባቱ ወይም በእናቱ እጅ ይሰጥ።